ቲቸር ዱሜኑ የጻፏቸው ሰዎች

ቲቸር ዱሜኑ ደብተራቸውን ይዘው የገቡበት ቤት ሰው ይሞታል። በዘጠኝ ዓመቴ ስለ አስተማሪዬ በእርግጠኝነት የማውቀው ይህን ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ እኔና ጓደኛዬ አፌፋ ራሳችን ነን የደረስንበት።

አፌፋ በጣቷ ትቆጥር ነበር። ቶግቢ እያልን የምናከብራቸው ሽማግሌ አዋዲ ከመሞታቸው ሦስት ሳምንት በፊት፣ ቲቸር በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሰማያዊ ሽፋን ያለውን ደብተር ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሲጽፉ አይተናል። አንድ። የመረብ ጠጋኙ ሚስት ዘንድ ሁለት ጊዜ ሄደዋል፤ ብዙም ሳይቆይ ከዚያ ግቢ ለቅሶ ተሰማ። ሁለት። እንዲህ እያለች አምስት ትደርሳለች። ስድስተኛው ሰውዬ ድኗል። ግን እሱ ቲቸር በመጡ ጊዜ በትኩሳት ይቃዥ ስለነበር ሙሉ ስሙን አልነገራቸውም። ስለዚህ የሚገድለው ሙሉ ስም ነው ብለን ደመደምን። ይህን እንደደመደምን አፌፋ ጣቶቿን ጨብጣ አየችኝ።

«ምነው?» አልኳት።

«የእኛ ስም እኮ በስም መጥሪያው ላይ አለ» አለች። «ከነአባታችን።»

ከትምህርት በኋላ ቲቸር ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው በባሕሩ ዳር ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። በዚያ ሰዓት ወንዶቹ ትልቁን መረብ ከባሕር እየጎተቱ ናቸው። የመረቡ አለቃ ኤፎ ጋቢ ገመዱን ሳይለቅ ይጮህባቸዋል።

«ቲቸር፣ እኔ ገና ነኝ። እለፉኝ።»

«ያንተን ጨርሻለሁ» ይላሉ ቲቸር ሳይቆሙ። «የቀረኝ ቀኑን መሙላት ብቻ ነው።»

«ምን ብለው ጻፉልኝ?»

«‹ዕድሜውን ሙሉ ሲጮህ ኖረ፤ ዓሣውም ሰምቶ ሸሸ› ብዬ።»

ወንዶቹ ገመዱ እስኪላላ ይስቃሉ። እኔና አፌፋ አንስቅም። ሰውዬው በራሱ አፍ ለመናቸው፣ እሳቸውም በራሳቸው አፍ አመኑ፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

በእኛ አገር ሰው ሳይጻፍ አይቀበርም። አስከሬኑ ከተማ ባለው ሆስፒታል ይቆያል። ቤተሰቡ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጨርቅ ይመርጣል፣ ቀን ይቆርጣል፣ የሟቹን የሕይወት ታሪክም አስጽፎ በስቴንስል ያስባዛል። ሽፋኑ ላይ ፎቶ አለ። ቤተክርስቲያን ውስጥ ሙቀቱ ሲበረታ ሰው ሁሉ በዚያው ራሱን ያራግባል፤ መቶ ጊዜ የታተመው የሟች ፊት ባንድ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ስለ ርስት፣ ስለ ዝምድና ክርክር ሲነሳ ወርዶ ይነበባል። ልጅ ተብሎ የተጻፈ ልጅ ነው። ያልተጻፈ እንደሌለ ነው።

በባሕሩና በጨዋማው ሐይቅ መካከል ላሉት መንደሮች ሁሉ ይህን የሚጽፉት ቲቸር ዱሜኑ ነበሩ። ሰው ሳይሞት ቀድመው የሚሄዱትም በምክንያት ነው። ከሞት በኋላ ቤተሰብ እንደፈለገ ያስጽፋል፤ ጠጪው ጸሎተኛ ይሆናል፣ የተጣላችው ሚስት ትሰረዛለች። ስለዚህ ተስፋ የለውም የተባለ ሰው እንዳለ ሲሰሙ እቤቱ ሄደው ታማሚውን ራሱን ይጠይቁታል። የጻፉትን አንብበውለት ከታች ያስፈርሙታል። ይህን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የማየው ቅደም ተከተሉን ብቻ ነበር፤ መጀመሪያ ደብተሩ፣ ከዚያ ለቅሶው።

ሌላም ይጽፉ ነበር። ግጥሞቻቸው አንዳንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በቋንቋችን በሬዲዮ ይነበባሉ። ሬዲዮ የነበረው ኤፎ ጋቢ ቤት ስለሆነ ሄደው እዚያ ደጃፍ ይቀመጣሉ። አንባቢው ቃል ከዘለለባቸው ባርኔጣቸውን ያወልቁና ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ፤ ግጥሙ ሲያልቅ መልሰው ይደፋሉ። ከአንዱ ግጥም የማስታውሰው ይህን ነው፦ «ባሕር ሆይ፣ ግድግዳውን ወስደሃል፤ በሩን እንኳ ተውልኝ። የምገባበት ቤት ባይኖርም የምወጣበት ይሁን።» በዚያ ዓመት ባሕሩ የአፌፋን አያት ኩሽና ወስዶ ስለነበር ሴቶቹ አለቀሱ። እኔ ግን ባሕሩንም እሳቸው የላኩት መሰለኝ።

ከታተሙት ልብ ወለዶቻቸው ባንዱ ውስጥ አንዲት ፍየል ሁለት ጊዜ የሸጠች ሴት ነበረች። መጽሐፉ መንደራችን እንደደረሰ ሦስት ሴቶች በሦስት የተለያየ ቀን ሊጣሏቸው መጡ። አንዷን ትምህርት ቤቱ ደጅ ቆማ ሰምቻታለሁ።

«ያቺ ሴት እኔ ነኝ» አለቻቸው።

«አንቺ ፍየል ሁለት ጊዜ ሸጠሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ እንዴት አንቺ ትሆኛለሽ?»

«አነጋገሩ የእኔ ነዋ። ፍየሏን ከየትም ያምጧት።»

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፉልን፦ ታሪክ ማለት የነበሩ ሰዎች ያደረጉት ነው፤ ልብ ወለድ ማለት ያልነበሩ ሰዎች ያደረጉት ነው። እኔ ጥሩ አንባቢ ነበርኩ። ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ እንዳነብ አደረጉኝ፣ ክፍሉም ተከተለኝ።

ከሰዓት በኋላ እናቴን የሽንኩርት መደባችን ጋ አግዛት ነበር። መደቦቹ አሸዋው ላይ የተሠሩ ጠባብ ናቸው፤ በመካከላቸው እግር ብቻ ያልፋል። ጥጉ ላይ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ አለ። እናቴ ከዚያ እየቀዳች፣ በሁለት እጇ ሁለት ማጠጫ ይዛ፣ እንደ ዝናብ በመደቦቹ ላይ ታልፋለች። በዚያ ዓመት ግን በግራ እጇ መያዝ ትታ ነበር። ጨርቋን ከብብቷ በላይ አጥብቃ ታስራለች። ስትጠጋኝ ከሽንኩርቱ ሽታ ሥር ሌላ፣ የተቀቀለ ቅጠል የሚመስል ሽታ ይሸተኛል።

አንድ ቀን ማጠጫዬን ሞልቼ ቀና ስል ቲቸር ዱሜኑ ከመደቦቹ ዳር ካለው ዳስ ሥር ተቀምጠዋል። እናቴም ተቀምጣለች። በዚያ ሰዓት ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። ሰማያዊው ደብተር ተዘርግቷል።

ዓይኔን ከእነሱ ሳልነቅል አንድ ቦታ ላይ ውሃውን ሁሉ አፈሰስኩት።

«ኬኬሊ፣ እዚያ ዓሣ ልታረቢ ነው?» አለች እናቴ። «ሂጂ፣ ያኛውን መደብ አጠጪ።»

«ደህና ዋልሽ ኬኬሊ?» አሉ ቲቸር።

ጎንበስ ብዬ በመደቦቹ መካከል ተጠጋሁ። እስክሪብቷቸው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል።

«የልጅቷንስ ስም?» አሉ።

«ይጻፉት።»

«ሙሉውን?»

እናቴ የጨርቋን ቋጠሮ አጠበቀች። «ሙሉውን» አለች። «ከነአባቷ።»

ልጅቷ እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ። ሌላ ልጅ መኖሯን በምን አውቃለሁ? እናቴን እያታለሏት ነው፤ የራሷን ስም ወስደው አልበቃቸው ብሎ የእኔንም እየወሰዱ ነው ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ መጡ። እኔ ስጠጋ ዝም ይላሉ።

የአባቴ እህት ታሲ ሰናሜ አጠገባችን ትኖር ነበር። አባቴ ከመረብ ቡድኑ ጋር ወደ ምዕራብ፣ ድንበር ተሻግሮ ሄዶ ስለነበር ቤታችንን የምትጠብቀው እሷ ናት። ዓሣ ታጨሳለች። ከምድጃው ጭስ ዓይኗ ሁልጊዜ ቀይ ነው፤ ጣቶቿ በዘይት ያብረቀርቃሉ።

«ዛሬም መጣ?» አለችኝ።

«መጡ።»

«ምን አወሩ?»

«እኔ ስመጣ ዝም ይላሉ።»

«ዝም ይላሉ» አለች። አንዱን ዓሣ ገለበጠችው። «ሌላስ? ይስቃሉ?»

«ዳዳ አንዴ አለቀሰች» አልኳት፤ እናቴን የምጠራት ዳዳ ብዬ ነበር።

«እሱስ?»

«ይጽፋሉ።»

ታሲ የጠረጠረችው አዋቂ የሚጠረጥረውን ነው። እኔ የጠረጠርኩት ልጅ የሚጠረጥረውን። ሁለታችንም «ያ ሰውዬ ጥሩ አይደለም» ስንባባል አንድ ነገር የምንል መስሎን ተስማማን። እናቴ ግን ቲቸር መጀመሪያ ዳሱ ሥር ከመቀመጣቸው ከሰባት ወር በፊት ሆስፒታል ሄዳ ነበር። የታከመችበትን ካርድ በኋላ አይቼዋለሁ፤ ጡቷ ላይ ያለው እብጠት ዘግይቶ መታየቱ ተጽፎበታል። ለማንም አልተናገረችም። ለቲቸር ብቻ ተናገረች፣ ምክንያቱም የምታስጽፈው ነገር ነበራት።

ሐሙስ ዕለት ቲቸር ጠመኔ ከጠረጴዛቸው መሳቢያ እንዳመጣ ላኩኝ። መሳቢያውን ስስበው ሰማያዊው ደብተር ከላይ ነበር። የእናቴን ስም ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም፤ መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። ገጹን ቀስ አድርጌ ቀደድኩት። አጣጥፌ ቀሚሴ ውስጥ ከተትኩትና ጠመኔውን ይዤ ተመለስኩ። ከደብተሩ ከወጣች እናቴ ትድናለች። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ታሲ ሄድኩ። ማንበብ አትችልም።

«ምንድን ነው የተጻፈው?» አለች። «አንብቢልኝ።»

በክፍል እንደማነበው ጮክ ብዬ፣ በየነጥቡ እየቆምኩ አነበብኩላት። ደላሊ ሶክፓ ከሐይቁ ማዶ ተወለደች። ከተማ ሄዳ ከአንዲት ነጋዴ ዘመዷ ጋር እየኖረች ተማረች። ሽንኩርት በእጇ ይበረክታል። እዚህ ላይ ታሲ ራሷን ነቀነቀች። ቀጠልኩ።

«‹ሁለት ልጆች አሏት። የመጀመሪያዋ ኤይራም ናት፤ ደላሊ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከተማ ሳለች የወለደቻት፣ በአባቷ እናት ቤት ያደገች። ሁለተኛዋ ኬኬሊ ናት። ደላሊ ኤይራምን ልጄ አይደለችም ብላ አታውቅም፤ ልጄ ናት ብላ በሰው ፊት የተናገረችበት ቀን ግን አልነበረም። ያ ቀን ይህ ነው።›»

ከኤይራም ስም አጠገብ የማላውቀው የአባት ስም፣ ከሥሩም የእናቴ ፊርማ ነበር። ፊደሎቹ ትላልቅ ናቸው፣ የመጨረሻው ወደ ላይ ይሄዳል።

ዓሣው ማረር ጀመረ። ታሲ አላነሳችውም።

«እንደገና አንብቢው።»

አነበብኩት።

«ኤይራም ማናት?» አለች፤ እኔን ሳይሆን ምድጃውን።

«የለችም» አልኳት። «ቲቸር እኮ ልብ ወለድ ይጽፋሉ። ያልነበረ ሰው ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አዎ» አለች። «ልብ ወለድ ነው። ለማንም እንዳትነግሪ። እናትሽን ያስቀይማታል።»

«አቃጥዪው፣ ታሲ።»

«አቃጥለዋለሁ።»

ወረቀቱን ደረቷ ላይ ጨርቋ ውስጥ ከተተችው። እናቴ ወደ አባቴ ቤት ስትገባ ለልጃገረድ የሚደረገውን ሥርዓት ሁሉ ያደረገችላት፣ ነጭ ጨርቅ ያለበሰቻት፣ ለቤተሰቡም «ንጹሕ ናት፣ እኔ አውቃለሁ» ብላ የቆመችላት ታሲ ነበረች። ክፉ ሴት አልነበረችም። እኔን ያሳደገችኝም እሷ ናት። የፈራችው ወንድሟ ፊት የሚመጣባትን ነበር።

በማግስቱ እናቴ ተሽሏት ተነሳች። አክፕሌ አገነፋች፣ ባሚያ ወጥ ሠራች፣ ከእኔ ጋር ተቀምጣ በላች። ለአፌፋ ሄጄ ነገርኳት። «ገጹን አወጣሁት» አልኳት። እጄን ያዘችኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍል ውስጥ መቀመጫዬን ታጸዳልኝ ነበር።

ቲቸር ደብተራቸውን ከፍተው ገጹን ያጡት ሰኞ ይመስለኛል። ማንንም አልጠየቁም። ቆሙና ከፊት ረድፍ ጀምረው ሁላችንንም አዩን። እኔ ጋ ሲደርሱ አልዘለሉኝም፣ አልቆዩብኝምም። አልገረፉኝም። ይህም አስፈራኝ።

በዚያ ሳምንት እናቴ ወደ መደቡ መውረድ አቃታት። ቲቸር እቤት መጡ። በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

«እናትሽ አለች?»

«የለችም።»

«ወዴት ሄደች?»

«ገበያ።»

ቀኑ የገበያ ቀን እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «መጥተው ነበር በያት፤ እንደገና መጻፍ አለብን በያት» አሉና ሄዱ። በሌላ ቀን ሲመጡ «ተኝታለች» አልኳቸው። በሦስተኛው ታሲ ራሷ በሩ ላይ ነበረች፤ ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም።

እናቴ ከውስጥ ትጠይቀኛለች።

«ኬኬሊ፣ ማን ነበር?»

«ማንም።»

«ቲቸር አልመጡም?»

«አልመጡም፣ ዳዳ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። «ከመጡ ቀስቅሺኝ» ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። እሷን እየጠበቅኋት ነበር።

ከዚያ ከተማ ወሰዷት። በአሥራ አንደኛው ቀን አረፈች።

አባቴ እስኪመጣ ጊዜ ፈጀ። ሲመጣ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ተወጠረና ሽማግሌዎቹ ስለ ቀብሩ ለመነጋገር ተቀመጡ። የሚመሩት ቶግቢ ክሉቼ ነበሩ። አባቴ አንገቱን ደፍቷል። ከሐይቁ ማዶ የመጡት የእናቴ አጎት አሉ። የቤተክርስቲያኑ ጸሐፊ አለ። ታሲ በሴቶቹ በኩል ተቀምጣለች። እኔ እግሯ ሥር ነኝ። መጠጥ መሬት ላይ ተፈሰሰ፣ የእናቴ ስም ተጠራ። ስለ ጨርቁ ተስማሙ። ስለ ቀኑ ተስማሙ። ከዚያ ቲቸር ዱሜኑ የጻፉትን እንዲያነቡ ተጠየቁ፣ አነበቡም። ልጆቿ ጋ ሲደርሱ ሁለት ስም ጠሩ።

ሽማግሌዎቹ ወደ አባቴ ዞሩ።

«ሚስቴ ልጅ ሳትወልድ ነው የመጣችልኝ» አለ አባቴ፣ ቀና ሳይል።

«ነጩን ጨርቅ ያለበስኳት እኔ ነኝ» አለች ታሲ።

«አጎት፣ እናንተስ?» አሉ ቶግቢ ክሉቼ።

«እኛም አልሰማንም» አሉ የእናቴ አጎት። «ከተማ ከዘመዷ ጋር ነበረች። ዘመዷ ሞታለች።»

«ራሷ ናት ያስጻፈችኝ» አሉ ቲቸር። «ፊርማዋ ያለበት ገጽ ነበረኝ። ከደብተሬ ተቀዶ ተወስዷል። ይህን የጻፍኩት ከራሴ አስታውሼ ነው።»

«‹ነበረኝ› ማለት የለኝም ማለት ነው፣ ቲቸር።»

«ሁለት ቀን ስጡኝ፣ ልጅቷን ላምጣት።»

«መንገዱ ሁሉ ሴት ልጅ ነው» አሉ ቶግቢ። «ማንንም ማምጣት ይቻላል።»

«ፍየሏንም አላየናትም» አለ የቤተክርስቲያኑ ጸሐፊ። «ግን ሁለት ጊዜ ተሸጠች።»

በለቅሶ ቤት የማይሳቅ ሳቅ ሳቁ፣ በአፍንጫ። ቲቸር አልሳቁም። ታሲ ትከሻዬን ነካችኝ።

«እናቷ የምታወራው ከዚህች ጋር ነበር» አለች። «ጠይቋት።»

አቆሙኝ። ቶግቢ ክሉቼ ድምፃቸውን አለሰለሱ።

«ኬኬሊ፣ እህት አለሽ?»

«የለኝም።»

«እናትሽ ኤይራም የምትባል ልጅ ስም ስትጠራ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ቲቸር ይህችን ልጅ ከየት አመጧት?»

ቲቸርን አየኋቸው። እናቴን የገደሉ ሰው ናቸው፤ አሁን ደግሞ ከእሷ ታሪክ ላይ የእኔን ቦታ ለሌላ ሊሰጡ ነው። ከታሲ ምሬት የተለየ የራሴ ምሬት ነበረኝ፤ ማንም እንድናገር አላስገደደኝም።

«ፈጥረዋት ነው» አልኩ። «ልብ ወለድ ማለት ያልነበሩ ሰዎች ያደረጉት ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ቲቸር ዱሜኑ ደብተሩን ዘጉት።

«መልሷ ትክክል ነው» አሉ። «እንዲህ ብዬ ነው ያስተማርኳቸው።»

ወንበራቸውን ወደ ቦታው መልሰው ወጡ።

ከዚያ በኋላ በመንደሮቹ ውስጥ ለሟች የሚጽፈው የቤተክርስቲያኑ ጸሐፊ ሆነ። ለቲቸር በሩን የከፈተ በሽተኛ አልነበረም። በባሕሩ ዳር ሲያልፉም ኤፎ ጋቢ መቀለድ ትቶ ነበር። በሬዲዮም እሁድ ስንጠብቅ ስማቸው አልተጠራም። በሚቀጥለው ዓመት ዝውውር ጠይቀው ወደ ድንበሩ አካባቢ ሄዱ። ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል ታሲ ገጹን ከሳጥኗ አውጥታ ሰጠችኝ። አላቃጠለችውም። «ያነበብሽልኝ አንቺ ነሽ፤ አንቺው ያዢው» አለችኝ። ቲቸርን ፍለጋ እስከ ድንበሩ ሄድኩ። ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ያከራየቻቸው ሴት ስትነግረኝ፣ በቀብራቸው ላይ የተነበበ ነገር አልነበረም፤ የሚጽፍ አልተገኘም። ኤይራምን ግን አግኝቻታለሁ። ስለዚያ እዚህ አልጽፍም።

የእናቴ ቀብር ቅዳሜ ነበር። ቤተክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ሰው በመስኮቶቹ በኩል ቆሟል። እኛ ቤተሰቡ አንድ ዓይነት፣ ጥቁር ላይ ቀይ ቅጠል ያለበት ጨርቅ ለብሰን ከፊት ተቀምጠናል። አዲስ ስለሆነ ብብቴን ያሳክከኛል። እናቴ በየሰው እጅ ላይ ትወዛወዛለች። ዞር ስል ከመጨረሻው አግዳሚ ላይ ቲቸር ዱሜኑን አየኋቸው። አጠገባቸው አሥራ ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ተቀምጣለች። የለበሰችው ጨርቅ የእኛ አይደለም፤ ሰማያዊ ነው፣ ታጥቦ የነጣ። ሐይቁን ተሻግረው፣ ሄደው አምጥተዋት ነበር። ያኔ ማን እንደሆነች አላወቅሁም። የሚጽፏት አዲስ ሰው መሰለችኝና አዘንኩላት።

የቤተክርስቲያኑ ጸሐፊ ታሪኩን አነበበ። አጭር ነበር። በእኛ ዘንድ የልጆች ስም ሲነበብ ልጁ ከመቀመጫው ተነስቶ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ዝርዝሩ እስኪያልቅ ቆሞ ይቆያል።

«ልጅ ትታለች» ብሎ ጸሐፊው ገጽ ገለጠ።

ከኋላ አግዳሚ ሲንቋቋ ሰማሁ። ዞር አልኩ። ልጅቷ ከመቀመጫዋ ግማሽ ተነስታ፣ በሁለት እጇ ፊቷ ያለውን መደገፊያ ይዛ፣ አንገቷን አስግጋ ትሰማለች። የቲቸር እጅ ክርኗ ሥር ነው።

«አንድ» አለ ጸሐፊው። «ኬኬሊ።»

ታሲ ገፋችኝ፣ ቆምኩ። ሰው ሁሉ አየኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የእናቴ ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እንባዬ እየወረደ እንኳ ኩራት ተሰማኝ። ልጅቷ እጆቿን ከመደገፊያው አነሳች። ጨርቋን ከኋላ አስተካክላ ተቀመጠች፤ ለመነሳት ሳይሆን ጨርቋን ለማስተካከል ብቻ የተነሳች አስመሰለችው።

ቲቸር ዱሜኑ ግን ቆሙ። ጸሐፊው ወደ እህትና ወንድሞች አለፈ፣ ቀና ብሎ አያቸውና አቋረጠ። «ቲቸር፣ ይቀመጡ እንጂ» አለ አንድ ሰው በሹክሹክታ። አልተቀመጡም። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ከሰው ሁሉ ራስ በላይ፣ ወደ እኛ በኩል ያዩ ነበር።

ቀጥሎ የሚወስዱትን እየመረጡ ነው ብዬ አሰብኩ። ዝርዝሩ ሳያልቅ፣ ዓይናቸው ሳያገኘኝ፣ ቶሎ ብዬ ተቀመጥኩ።